አሸዋ ላይ የቆፈርኩት የሸማ ጉድጓድ

መረቡን ያገኘችው ጸጋ ናት፤ የልጄ የማርቆስ ልጅ። ባለፈው ማክሰኞ ጓዳውን ልታጸዳ ገብታ፣ ከአሮጌ ጆንያ መሃል አንድ የተጠቀለለ ነገር አወጣችና እንደ ሞተ እባብ ከሰውነቷ አርቃ ይዛው በረንዳ ላይ ወደተቀመጥኩበት መጣች። «አባባ፣ ይሄ የዓሣ መረብ ነው? አንተ ደግሞ መቼ ዓሣ አጥምደህ ታውቃለህ?» አለችኝ። ዓሣ አጥምጄ አላውቅም። ምዕራብ ዓባያ፣ እዚህ ሐይቁ ዳር፣ ይህን ያህል ዘመን ስኖር ውሃው ውስጥ እግሬን ነክሬም አላውቅም፤ አዞ እንዳለበት የማያውቅ የለም። መረቡን ተቀብዬ ጭኔ ላይ ዘረጋሁት። ባለቤቴ፣ ነፍሷን በገነት ያኑርልኝና፣ ለዓመታት ሽንኩርት ስታንጠለጥልበት፣ ከገበያ ዱባ ስትሸከምበት ኖራለች። ስለዚህ የሚሸተው ሽንኩርትና አቧራ ነበር። ግን አንዱን ቋጠሮ በጥፍሬ ላላ አድርጌ ወደ አፍንጫዬ ሳስጠጋው ከውስጡ ጨው ጨው የሚል ነገር መጣ። ጨው ይህን ያህል ዓመት ቋጠሮ ውስጥ ይቀመጣል ወይ ብላችሁ ብትጠይቁኝ አላውቅም። ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ነው። እኔ የምነግራችሁ የሸተተኝን ነው።

«መረብ አይደለም» አልኳት። «አልጋ ነው።»

ሳቀች። ከስንት ሳምንት በኋላ ስትስቅ መስማቴ ነበር።

ለምን ሳቋን እንዳጣን ልንገራችሁ። ጸጋ ዩኒቨርሲቲ ከጨረሰች ሁለት ዓመት አልፏታል። የተማረችው ስለ ቱሪስት ነው። በየሳምንቱ አርባ ምንጭ ሲቀላ ሰፈር ድረስ እየሄደች የሥራ ማስታወቂያ ሰሌዳ ስታነብ ጫማ ጨረሰች። በመጨረሻ ከሁለት የክፍል ጓደኞቿ ጋር አንድ ነገር አሰበች። ከቤቴ በታች፣ ከማንጎ ዛፎቹ እስከ ሐይቁ የሚወርደው መሬት ላይ፣ ሻንጣ አዝለው ለሚዞሩ ወጣት መንገደኞች ርካሽ ማደሪያ ልትሠራ። አራት ጎጆ፣ በየጎጆው አራት አልጋ፣ ዓሣ፣ ሃለኮ የምንለው የሽፈራው ቅጠል፣ ማንጎ። ሆስቴል ይሉታል አለችኝ። እኔ ቃሉን ከእሷ በፊት አውቀው ነበር፤ ግን ዝም አልኩ። ልጄ ማርቆስ ደግሞ ያንኑ መሬት ለአሥር ዓመት ተከራይቶ ሙዝ ሊተክልበት የሚፈልግ ሰው አገኘ። እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ መጥቶ ቃሌን ሊወስድ ነበር። መሬቱ በስሜ ነው፤ ስለዚህ ሁለቱም የሚጠብቁት እኔን ነበር። እኔም ለሁለቱም «እናያለን» ብዬ ነበር። ሽማግሌ «እናያለን» ሲል ምን ማለት እንደሆነ ሁሉም ያውቃል፤ አይቷል፣ ግን መናገር ፈርቷል። መሬቱ ለሙዝ ከሆነ ጸጋ ወደ አዲስ አበባ ልትሄድ ሻንጣዋን አዘጋጅታ አልጋዋ ሥር አስቀምጣ ነበር። ቤቱን ስጠርግ አይቼዋለሁ።

ማርቆስ ክፉ ልጅ አይደለም። አርባ ምንጭ ሴቻ ቢሮ ይሠራል፤ በቤተ ክርስቲያናችንም ሽማግሌ ነው፤ ከጠዋት እስከ ማታ ይሮጣል። በስልክ የጠየቀኝ ጥያቄም እውነት ነበረው። «አባዬ፣ ሰው የማይዋኝበት ውሃ ዳር ገንዘብ ከፍሎ ማን ያድራል? አዞ ሊያይ? አዞ ማየት የፈለገ አርባ ምንጭ እርባታው አለለት» አለኝ። ይህ ነገር ሆዴ ገብቶ ተቀምጦ ነበር። መረቡ ጭኔ ላይ ሲዘረጋ ግን መልሱን የማውቀው እኔ ራሴ መሆኔ ትዝ አለኝ። ያወቅኩትም በወጣትነቴ፣ ለሰው ተናግሬው በማላውቀው ጊዜ ነው።

ያን ጊዜ ጨንቻ ላይ ሸማኔ ነበርኩ። ጨንቻ ከአርባ ምንጭ በላይ ዳገቱ ላይ ነው፤ ጠዋት በር ስትከፍት ጉም ቆሞ ይጠብቅሃል። ከስምንት ዓመቴ ጀምሮ አባቴ አጠገብ ጉድጓድ ውስጥ ተቀምጫለሁ። ሸማ ሲሠራ አይቶ ለማያውቅ፦ ሸማኔ መሬት ላይ ቁጭ ይልና እግሮቹን ወደ ጉድጓድ ይሰዳል፤ በእግሩ ከታች ይረግጣል፣ በእጁ ከላይ መወርወሪያውን በድሩ መሃል ይወረውራል። ወገብ ያለው እዚያ መሃል ነው፤ እሱን ማንም አያስታውሰውም። ዘመኑ የቤልቦተም ሱሪ ዘመን ነበር። ሲቀላ መናኸሪያው ጥግ ላይ የሚቆሙት ጎረምሶች በሱሪያቸው አቧራ እየጠረጉ ሲሄዱ፣ እኔ በቁምጣና በበረባሶ ጋቢ ተሸክሜ እወርድ ነበር። አንድ ጋቢ ሸጬ ጨው፣ ሳሙናና የእናቴን ሻሽ እገዛና ደግሞ ለምሳ ይተርፈኛል። የተጠበሰ ዓሣ ከነዳጣው ሃምሳ ሳንቲም፤ ማንጎ በአሥር ሳንቲም እስክትጠግብ። ጸጋ ይሄን ስነግራት «አባባ፣ ተረት ነው» ትላለች። ሳንቲሙን ራሱን በእጇ ይዛው አታውቅም።

ጋሽ ዳና የሚባል የወላይታ ነጋዴ ነበር፤ ካኪ ኮት የሚለብስ፣ አንድ የወርቅ ጥርስ ያለው፣ ያቺ ጥርስ እንድትታይ ወደ ግራ የሚስቅ። ጋቢና ቡልኮ ከእኛ ሰብስቦ ኬንያ ድረስ ይወስዳል። አንድ ቀን ጉድጓዴ አፋፍ ላይ ቁጢጥ ብሎ ሲያየኝ ቆየና «ዘንድሮ ሸማውን ብቻ አይደለም፣ አንተንም ነው የምወስደው» አለኝ። ሐሳቡ፣ ባሕር አጠገብ ባለ ትልቅ ከተማ ሱቅ ሊከራይና እኔ መስኮቱ ላይ ተቀምጬ ስሸምን ፈረንጅ አይቶ እንዲገዛ ነበር። «ባሕር ምን ይመስላል?» ብለው «ዓባያ ነው፣ ማዶ የሌለው» አለኝ። በቃ፣ ይቺ ወሰደችኝ። እናቴ አለቀሰች፤ ሽማግሌዎች ጸለዩልኝ፤ የሸማ ዕቃዬንና ለአንድ ጋቢ የሚበቃ የተዘጋጀ ድር ጠቅልዬ ተነሣሁ። ድንበር ላይ ያን ጊዜ ብዙ አይጠየቅም፤ ወይም የሚጠይቁትን ጋሽ ዳና ያውቃቸው ነበር። ሞያሌ፣ መንገዱ ወደ ግራ በሚታጠፍበት ማዕዘን፣ ከአንድ ግራር ሥር ሰልባጅ የምትሸጥ ሴት ነበረች። የሸማ ዕቃዬ በጆንያ ሆኖ ጎኑን ሲወጋው የመጣው ጋሽ ዳና፣ ከእሷ ላይ ብርቱካንማ የሆነ፣ ጀርባ ላይ የሚታዘል ትልቅ የፈረንጅ ሻንጣ ገዛልኝ። ኪሱ ብቻ አሥር ይሆናል። ምራቂ ደግሞ አንድ ቤልቦተም ሱሪ ሰጠችን። ከሞያሌ ወዲያ ያየኝ ሰው ሁሉ ሌላ ሰው ነው ያየው።

ስንት ቀን በጭነት መኪና ላይ እንደሄድን አሁን አላስታውስም። የማስታውሰው ሾፌሩ አንድ ካሴት ብቻ እንደነበረው ነው። ቋንቋው አይገባኝም፤ ስለ ዝናብ ይሁን ስለ ሴት የሚያለቅስ ዘፈን ነበር፤ ሲያልቅ ይገለብጠዋል፣ ሲያልቅ ይገለብጠዋል። ምድሩ ከቀን ቀን እየሞቀ ሄደ። አንድ ጠዋት ላይ ሾፌሩ ቆመ፤ ወረድን፤ ማዶ የሌለው ዓባያ ፊቴ ላይ ነበር። ጋሽ ዳና ከከተማው ወጣ ባለ የዓሣ አስጋሪዎች መንደር፣ ባካሪ የሚባል ወዳጁ ጋ አስቀመጠኝና «ሱቁን ጨርሼ በሦስት ቀን እመጣለሁ፤ ከዚህ እንዳትነቃነቅ» ብሎኝ ሄደ።

ባካሪ በዕድሜው አሁን እኔ የደረስኩበት አካባቢ ነበር፤ ቀጭን፣ ረዥም፣ ሽርጥ የሚያገለድም። በወጣትነቱ በሞያሌ መንገድ የጭነት መኪና ረዳት ሆኖ ሠርቷልና የገበያ አማርኛ ይችላል። የእኔም አማርኛ ያው የገበያ ነው፣ የአፍ መፍቻዬ ጋሞኛ ነው፤ ስለዚህ ተግባባን። ቤቱ ሆስቴል ይባላል። ፔንሲዮን አይደለም፣ ሆቴልም አይደለም። ኖራ የተቀባ ግድግዳ፣ የኮኮናት ቅጠል ክዳን፣ በየክፍሉ አራት አልጋ ከነአጎበሩ፣ ውጪ አንድ ረዥም ጠረጴዛ፣ በኮኮናት ግንዶቹ መሃል ደግሞ የተንጠለጠሉ የመረብ አልጋዎች። የአንድ ቀን አልጋ ከሁለት ለስላሳ ዋጋ አይበልጥም። እንግዶቹ ከየአገሩ የመጡ፣ ሻንጣ ያዘሉ፣ ፀሐይ የጠበሳቸው ወጣቶች ናቸው። እኔም ብርቱካንማ ሻንጣዬን አዝዬ ስገባ ከጠረጴዛው ተነሥተው ጨበጡኝ። ከእነሱ እንደ አንዱ ቆጠሩኝ። ከጨንቻ እስከዚያ ድረስ ሸማኔ፣ የእገሌ ልጅ፣ ባለጋቢው እየተባልኩ ነው የኖርኩት። መንገደኛ ብሎ የቆጠረኝ ሰው አልነበረም።

«ሥራዬ ምንድነው?» አልኩት ባካሪን በማግሥቱ ጠዋት።

«መተኛት።»

«አይ፣ የምሬን ነው። እንጨት ልፍለጥ? ውሃ ልቅዳ?»

«እንጨቱ ተፈልጧል። ወንድሜ፣ እዚህ መጥቶ መተኛት ያቃተው ሰው አይቼ አላውቅም፤ አንተ የመጀመሪያው እንዳትሆን።»

ሆንኩ። ሁለት ቀን ሙሉ እጄን የማደርግበት አጣሁ። በእኛ አገር በቀን የሚጋደም ሰው ወይ ታሟል ወይ ሰንፏል። ጎረቤት ጠበል ይላል፣ እኛ ደግሞ ጸሎት እንላለን እንጂ ዝም ብሎ ተኛ የሚል የለም። ስለዚህ አንድ ሥራ ለራሴ ሰጠሁ፤ ዱላ ይዤ ከውሃው ራቅ ብዬ አዞ መጠበቅ። ፈረንጆቹ ውሃ ውስጥ ይገባሉ፣ ይንቦጫረቃሉ፣ እኔ ልቤ ሊወጣ ይደርሳል። ሊዝ የምትባል ነርስ ነበረች፤ ከሁሉም ትልቋ፣ ለአንድ ዓመት ብቻዋን የምትዞር። ከውሃው ስትወጣ ጠብቄ ላስጠነቅቃት ፈለግኩ፤ ቋንቋ የለኝም። ሁለት ክንዴን እንደ አዞ መንጋጋ አንዱን ከላይ አንዱን ከታች ዘርግቼ ገጠምኩት፤ ጷ። እሷ ደግሞ የአገሬ ሰላምታ መሰላት። ፈገግ አለችና ክንዷን ዘርግታ፣ ጷ፣ መለሰችልኝ። በማግሥቱ ጠዋት ጠረጴዛው ላይ ሁሉም ተነሥተው በአዞ መንጋጋ ሰላም አሉኝ። ባካሪ ነገሩ ሲገባው ሻይ ደፋ። «እዚህ ባሕር ላይ አዞ የለም» አለኝ። አላመንኩትም። ውሃ ካለ አዞ አለ።

በአራተኛው ቀን አልቻልኩም። ጋሽ ዳና አልመጣም፤ እጄ በላኝ። ዕለቱ ዓርብ ነው። ጠዋት ስነሣ ባሕሩ ሸሽቶ ሄዷል፤ ሰፊ አሸዋ ተዘርግቷል። እስከዚያ ዕለት ዓይኔ አዞ ፍለጋ ላይ ስለነበር ውሃው የት እንደደረሰ ልብ ብዬ አላየሁም። እኔ ሐይቅ እንጂ ባሕር የማላውቅ ሰው ነኝ። ሐይቅ ክረምት ትንሽ ይጨምራል፣ በጋ ትንሽ ይቀንሳል፤ ከቁርስ እስከ ምሳ የትም አይሄድም። ስለዚህ ባሕሩ በቃው፣ ወደ ኋላ ሄደ፣ አልኩ። የሸማ ዕቃዬን አወጣሁ። ከላይ፣ ኮኮናቱ ሥር ብቆፍር ደረቁ አሸዋ እየተናደ ጉድጓድ አልሆን አለኝ። ታች ስወርድ ግን እርጥቡ አሸዋ እንደ ጨንቻ ሸክላ አፈር ቀጥ ብሎ ቆመልኝ። እንዴት ያለ ጥሩ መሬት ነው፣ እነዚህ ሰዎች ምነው አይጠቀሙበትም፣ እያልኩ ቆፈርኩ። ባላዎቹን ተከልኩ፣ ድሩን ወጠርኩ፣ እግሬን ሰደድኩ። ባካሪ ነጭ ቀሚሱን ለብሶ ለዓርብ ጸሎት ወደ መንደሩ መስጊድ ሲሄድ ጀርባውን ነው ያየሁት፤ እሱም እኔን አላየኝም። መወርወሪያው ሲሄድና ሲመጣ፣ ያ ድምፅ ጆሮዬ ሲገባ ሰው ሆንኩ። እንግዶቹ ዙሪያዬን ከበቡ። አንዲቱ ክሩን ትነካለች፣ አንዱ ፎቶ ያነሣል። ይሄው፣ ሥራ አለኝ።

ወደ ሰባት ሰዓት ገደማ እግሬ ቀዘቀዘ። ጎንበስ ብዬ ሳይ ከጉድጓዱ ሥር ንጹሕ ውሃ ይመነጫል። እኔ የአርባ ምንጭ አገር ሰው ነኝ፤ ከመሬት ውሃ ሲመነጭ ሳይ ያደግኩ። አሸዋውን እየገፋ ቡልቅ ቡልቅ የሚለው ነገር ልክ እንደኛው ነው። «ምንጭ ነው፣ ምንጭ አገኘሁላችሁ!» ብዬ በጋሞኛም በአማርኛም ጮህኩ። ባካሪ ውሃ ከሩቅ በአህያ እንደሚያስቀዳ አይቻለሁና እንዴት ደስ እንደሚለው እያሰብኩ፣ አርባዎቹ እዚያው ናቸው፣ አርባ አንደኛዋን ለኬንያ አገኘኋት እያልኩ፣ በእፍኜ ዘግኜ ጠጣሁ። ጨው። ጉሮሮዬን የሚልጥ ጨው። ቀና ስል ባሕሩ ከሄደበት እየተመለሰ ነው፤ ሳይቸኩል፣ እንደ ባለቤት። የመጀመሪያው ማዕበል ጭኔ ላይ ተኛ። ሁለተኛው ባላዎቹን ነቀለ። ሊዝና ሌሎቹ ዘለው ገብተው አንዱ ድሩን፣ አንዱ እኔን ሲጎትቱ፣ የአባቴ መወርወሪያ፣ ከወይራ የተጠረበችው፣ እንደ ታንኳ ተንሳፍፋ ከዓይኔ ሥር ሄደች።

ባካሪ ከመስጊድ ሲመለስ በርጥብ ቤልቦተም ቆሜ አገኘኝ። ሊዝ በእጇ አስረዳችው። አላናገረኝም፤ መጀመሪያ ሳቀ፣ ከዚያ ቆሞ መሳቅ ሲያቅተው በነጭ ቀሚሱ አሸዋ ላይ ቁጭ አለ። «ወንድሜ» አለኝ እንባውን እየጠረገ፣ «ይሄ ባሕር በቀን ሁለት ጊዜ ይሄዳል፣ ሁለት ጊዜ ይመጣል። ከአዳም ጀምሮ። ማንም አልነገረህም?» ማን ይነግረኛል? «የአባቴ መወርወሪያ ሄደች» አልኩት። ያኔ ሳቁን ተወና ክንዴን ያዘኝ። በማግሥቱ ውሃው ሲሸሽ የሆስቴሉ ሰው በሙሉ ተሰልፎ አሸዋውን ፈለገ። አላገኘናትም።

መወርወሪያ የሌለው ሸማኔ ምን ያደርጋል? ባካሪ ወደ አንዱ የመረብ አልጋ ወሰደኝና «በል፣ አሁን ሰበብህ አለቀ» አለኝ። ተጋደምኩ። መጀመሪያ እወድቃለሁ ብዬ ሁለት እጄን አጥብቄ ያዝኩ። ቀስ እያለ ግን ወገቤ፣ ከስምንት ዓመቴ ጀምሮ የተጣጠፈው ወገቤ፣ አንድ ባንድ፣ አጥንት ባጥንት ሲዘረጋ ተሰማኝ። ነፋሱ ያወዛውዘኛል። የባካሪ ሬዲዮ ውስጥ አንዲት ሴት ከክራር ከሚመስል ነገር ጋር ታዜማለች። ሩዝ በኮኮናት ወተት ሲበስል ይሸታል። እንቅልፍ ወሰደኝ፣ በቀን፣ በጤናዬ። ስነቃ ማንም አልገሠጸኝም፤ ሊዝ ጎን ካለው መረብ ላይ ሆና ክንዷን ዘርግታ፣ ጷ አለችኝ።

ጋሽ ዳና በሦስት ቀን ያለው በሃያ ቀን መጣ። ሱቁ አልሆነለትም፤ ጥርሱን እያሳየ «የሚቀጥለው ዓመት» አለ። እነዚያን ቀናት ሁሉ እንደ ሰው ተኛሁ፣ በላሁ፣ ባሕሩ ሲሄድና ሲመጣ አየሁ። አንድም ቀን ግን አልዋኘሁም። ይሄን ልብ በሉልኝ፤ ጉልበቴ ድረስም አልገባሁም። ጨው የጠጣው ድር ለጋቢ አይሆንም ነበርና ባካሪ መረብ መቋጠር አስተማረኝ። አራት አራት አድርገን ገመድነው፤ ከሰዓት በኋላ፣ ጎን ለጎን ቁጭ ብለን፣ እሱ የቋጠረውን እኔ እየለካሁ። የማንቸኩልበት ሥራ ነበር። ከሥራ ውስጥ እንዲህ ያለ መኖሩን አላውቅም ነበር። ስንለያይ «አገርህ ስትገባ ስቀለው» አለኝ።

አልሰቀልኩትም። ጨንቻ ብርድ ነው፤ ደግሞም አፈርኩ። ነግዶ ይመጣል ተብሎ የተጸለየለት ሰው ሃያ ቀን ተኝቼ መጣሁ ብሎ እንዴት ይናገራል? «ኬንያ እንዴት ነበር?» ሲሉኝ «ደህና ነው፣ ሙቀት ነው» አልኩ። በኋላ አግብቼ ወደዚህ ሐይቅ ዳር ስንወርድ ባለቤቴ ዱባ ተሸከመችበት። አንድ ነገር ብቻ አስቀረሁ፤ በየቀኑ እኩለ ቀን ላይ ከጉድጓዴ ወጥቼ ሣር ላይ በጀርባዬ እዘረጋለሁ። መጀመሪያ ታመመ አሉ። በኋላ ሁለት ሦስት ወጣት ሸማኔዎች አጠገቤ መዘርጋት ጀመሩ። ዛሬ የዕድሜ እኩዮቼ ከወገባቸው ታጥፈው ሲሄዱ እኔ ቀጥ ብዬ እሄዳለሁ፤ ጌታ ይመስገን፣ ባካሪም ይመስገን።

ይሄን ሁሉ ለጸጋ ማክሰኞ ዕለት በረንዳው ላይ ነገርኳት። የአዞውን ሰላምታ ሳሳያት መሬት ላይ ተንከባለለች። ከዚያ መረቡን አጠበችው፣ የተበጠሰውን በአዲስ ገመድ ቀጠለችው፣ ቅዳሜ ከሁለት ማንጎ መሃል ሰቀለችው። ሻንጣዋ ግን ያኔም አልጋዋ ሥር ነበር።

እሁድ ማርቆስ በባጃጅ መጣ፤ ሱፍ ለብሷል፣ ከቤተ ክርስቲያን ቀጥታ ነው። ሳይቀመጥ «አባዬ፣ ሰውዬው ዛሬ መልስ ይፈልጋል» አለ።

«ተቀመጥ መጀመሪያ።»

«ተቀምጬ ምን ልበል? ያልኩትን ብያለሁ። ሰው የማይዋኝበት ውሃ…»

«እኔ ሃያ ቀን ባሕር ዳር ኖሬ አንድ ቀን አልዋኘሁም» አልኩት። «በሕይወቴ ካየሁት ቦታ ሁሉ ግን እሱን የሚያህል የለም።»

አየኝ። «አንተ? መቼ?»

«ኬንያ የሄድኩ ጊዜ። ነግጄ የመጣሁ መስሎህ ይሆናል። ተኝቼ ነው የመጣሁት።»

ልጄ በዚህ ዕድሜው አባቱን አዲስ ሲያየው ማየት ይከብዳል፤ ደስም ይላል። ጸጋ መጥታ ከኋላዬ ቆመች። «በምን ላይ ነው የተኛኸው?» አለኝ ማርቆስ። መረቡን አሳየሁት። ሄዶ በእጁ ጫን ጫን አደረገው። «ይሄ አሮጌ ክር ሰው ይሸከማል?»

«እንደ ሰውዬው ነው» አለች ጸጋ። «አንተን እንጃ፣ ሆድህን አይቼ ነው የምልህ።»

«ነይ አንቺ ባለጌ፣» አለና ኮቱን አውልቆ ሰጣት። «ለመሞከር ያህል ነው» ብሎ ተቀመጠበት፣ ቀጥሎ አንድ እግሩን ሰቀለ፣ ቀጥሎ ሌላውን። መረቡ ሲጢጥ አለ፤ ያዘ። የሁለት እጁን ጣቶች ማሰሪያው ላይ ጨምድዶ ይዟል፤ ያን አያያዝ አውቀዋለሁ። «ስለ ሙዙ…» ብሎ ጀመረ። ከዓባያ ነፋስ መጣ። ዓረፍተ ነገሩን አልጨረሰውም። ትንሽ ቆይቶ እጆቹ ለቀቁ፣ አፉ ተከፈተ፣ አንኮራፋ። ልጄ በቀን ሲተኛ ያየሁት በሕፃንነቱ ነው፣ ኩፍኝ ይዞት።

ኮቱ ኪስ ውስጥ ስልኩ መንዘር ጀመረ። ጸጋ አወጣችና የባለሙዙን ስም አሳየችኝ። አታንሺው ብዬ ራሴን ነቀነቅኩ። መልሳ አስገባችው። እኔ ዶማዬን ይዤ ወደ ላይኛው ማንጎ ሥር ሄድኩ፣ መሬቱ ከፍ ወደሚልበት። ባለፈው ክረምት ዓባያ ሞልቶ ወዲህ ሲመጣ የት እንደቆመ በዓይኔ አይቻለሁ። ቀስ እያልኩ መቆፈር ጀመርኩ። ጸጋ መጥታ ዶማውን ተቀበለችኝ። «ምንድነው የምንቆፍረው አባባ?» አለች በሹክሹክታ። «የሸማ ጉድጓድ። እንግዶችሽ መተኛት ያቃታቸው ቀን የሚያዩት ነገር ይፈልጋሉ።» ቀና ብላ አየችኝ፤ ቃሌን ያኔ ሰጠኋት። የቀረው የአባቷ ፈቃድ ነው፤ መሬቱን ያለ እሱ መስጠት ደግሞ አልፈልግም።

ማርቆስ ሲነቃ ፀሐይዋ ዞራለች። ስልኩን ጠየቀ፣ ያመለጡትን ጥሪዎች አየ፣ ኪሱ ከተተው። ከመረቡ ሳይወርድ ወደ ሐይቁ ዞረ። «ለሰውዬው ሌላ መሬት አፈላልግለታለሁ» አለ። ቀጥሎ እንደ ቢሮ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ። «ጸጋ፣ ጎጆዎቹን ውሃው አጠገብ እንዳትሠሪ። እናንተ ልጆች ውብ ቦታ ስታዩ ሌላ አታዩም። ባለፈው ክረምት እስከየት ደርሶ ነበር አባዬ?»

እጄን ጉድጓዱ ውስጥ አስገብቼ ሥሩን ዳበስኩት። ቀዝቃዛ ነው፣ ደረቅ ነው።

«እዚህ አልደረሰም» አልኩት።